ለሚመለከተው ሁሉ

ሰው ከአባቱ ርስት፣ ከእናቱ መልክ እንደሚወርስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን መሮጥ ያስነውራል ወይስ አያስነውርም፣ ላብ የሥራ ምልክት ነው ወይስ የሕመም፣ በማለዳ ተነሥቶ ያለ ጉዳይ ከደጅ መውጣት የጤና ነው ወይስ የእብደት የሚለውንም ፍርድ ሁሉ ከወላጆቹ ቤት ተረክቦ እንደሚወጣ የነገረኝ አንድ ሰው እንኳ ስላልነበረ፣ ይህን ውርስ ያወቅሁት ዘግይቼ፣ 58 ዓመት ሞልቶኝ፣ አንድ ሐኪም የደም ግፊቴን ከለካ፣ ዐይኑንም ከቦርጬ ላይ ጥቂት ካሳረፈ በኋላ «በየቀኑ 30 ደቂቃ ይራመዱ» ብሎ ባዘዘኝ ዕለት ነው።

ትእዛዙ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ መርፌ የለበትም፣ ኪኒን የለበትም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በማግሥቱ ከጧቱ 12 ሰዓት አዲሱን ሸራ ጫማዬን አጥልቄ ከቀበናው ቤቴ ወጣሁና ገና አሥር ርምጃ ሳልራመድ፣ ደጃፏን ስትጠርግ የነበረች ጎረቤታችን ቀና ብላ «እንደምን አደሩ ጋሼ፤ ወዴት ነው በጧቱ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ በአገራችን ሰላምታ እንጂ ምርመራ እንዳይደለ አውቃለሁ፤ መልስ ጠብቃም አይደለም፤ እኔ ግን እጅ ከፍንጅ እንደ ተያዘ ሰው ክው ብዬ ቀረሁ። «የትም» እንዳልላት፣ የትም የሚሄድ ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ ሚስቱ ያባረረችው ነው፤ «ልራመድ ነው» እንዳልላት፣ እንዲህ ያለ ነገር በአባቴ ቤት ከቶ ተነግሮ አያውቅም። ስለዚህ «ዳቦ ልገዛ ነው» አልሁ፤ ብዬም አልቀረሁም፣ ዳቦ ገዝቼ ተመለስሁ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በሳምንቱ መጨረሻ ቤታችን በዳቦ ተሞላ፤ የገዛሁትን የሚበላው ደግሞ እኔ ነበርሁና ሐኪሙ እንድቀንስ ያዘዘኝ ክብደት ሁለት ኪሎ ጨምሮ ተገኘ።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በልጅነታቸው ዜማና ቅኔ የተማሩ፣ ኋላም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ሲያገላብጡ ፀጉራቸው የነጣ ጸሐፊ ነበሩ። ከቤት ሲወጡ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጥላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ መሬቷን እንደሚባርክ ሰው ረጋ ብለው ነበር የሚራመዱት፤ ዝናብ በድንገት ቢወርድባቸው ጥላውን ይዘረጋሉ እንጂ ርምጃቸውን አይለውጡም። በእርሳቸው ፍርድ የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ ተሰርቋል፤ ከሁለቱ አንዱ ካልሆነ ቤቱ እየነደደ ነውና ውኃ ይዛችሁ ተከተሉት ይሉ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «ታዲያ አበበ ቢቂላስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረች፤ በዚያች ምሽት ያ የክብር ዘበኛ ወታደር በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ ወርቁን ለአገሩ የእንቁጣጣሽ ገጸ በረከት አደረገው። አባቴ ይህን ሲያነሡ ዐይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። «እርሱማ» አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ፣ «እርሱማ ምክንያት ነበረው፤ የሮጠው እኮ ሮማ ውስጥ ነው። አንተም ሮማ ስትደርስ ትሮጣለህ፤ እስከዚያው ቁጭ በል።»

በትምህርት ቤታችን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚሰጠው ማክሰኞና ዐርብ ነበር። አባቴም በየሳምንቱ ሰኞ ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ንጹሕ ወረቀት ከፊታቸው ዘርግተው፣ መዝገብ ቤቱ በሚኮራበት በዚያ ቁም ጽሕፈታቸው «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ይጀምሩና «ጉዳዩ፦ ልጄን ከሥጋዊ ልምምድ ስለ ማስፈቀድ» ከሚለው ርእስ በታች የሳምንቱን ሕመሜን ያሰፍሩ ነበር። መስከረም ላይ ብርድ መታኝ፤ ጥቅምት ላይ ቁርጠት ያዘኝ፤ ኅዳር ላይ ምች አገኘኝ፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ለመናገር አፍራለሁ፣ ሪህ ያዘኝ። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ይሰጠኛል፤ እኔም ፖስታዬን ለመምህሩ አቅርቤ፣ ጓደኞቼ በቁምጣ ሲዘልሉ፣ የልብሳቸው ጠባቂ ሆኜ ከዋንዛው ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። በአንድ ሰኞ ማታ ግን አባቴ ብዕራቸውን ይዘው ብዙ ጊዜ አሰቡ፤ የሚያውቁት ሕመም ሁሉ አልቆባቸው ኖሮ በመጨረሻ «በቤተ ሰቡ ጠባይ ምክንያት» ብለው ጻፉ። መምህሩ አንብቦ ጣቱን ከከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆየና «ይኸኛውስ እውነት ነው» አለኝ።

ከዚህ የተነሣ አንባቢ ቤታችንን የታካቾች ጉባኤ አድርጎ ቢያስበው አልፈርድበትም፤ ግን እንዲያ አልነበረም። እናቴ በሰሙነ ሕማማት፣ ይልቁንም በዕለተ ስቅለት፣ ከጧት እስከ ሠርክ በቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ይውላሉ። ጉልበት ከምድር ይነካል፣ ግንባር ከምድር ይነካል፣ ደግሞ ቀጥ ብሎ መነሣት ነው፤ «እግዚኦ» እየተባለ እንደ ገና መውረድ፣ እንደ ገና መነሣት። በመጨረሻም ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ጠብጠብ እያደረገ ተጨማሪ ስግደት ያዝዝላቸዋል፤ እርሳቸውም የታዘዘውን ከፈጸሙ በኋላ «ለሞቱት ወላጆቼ» ብለው ከራሳቸው ይጨምሩበታል። እኔ የ14 ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ከአጠገባቸው ቆሜ እሽቅድምድም ገጥሜአቸው አውቃለሁ፤ አርባኛው ላይ ጭኔ ተሳስሮ ከግድግዳው ሥር ተዘረጋሁ፤ እርሳቸው ግን በዚያን ጊዜ ኀምሳ ዓመት አልፏቸው ሳለ፣ መቁጠሪያቸውን አልለቀቁም፣ ትንፋሻቸውም አልተቆራረጠም። ይህ ትጋት የዕረፍት ወራትም ነበረው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ኀምሳ ስግደት ስለሌለ፣ ዛሬ የሩጫ አሠልጣኞች ለአትሌቶቻቸው የሚያዝዙትን ዕረፍት ቤተ ክርስቲያን ለእናቴ አስቀድማ ሠርታላቸው ነበር። አባቴም ቢሆኑ፣ ያ ለዝናብ የማይፈጥኑት ሰው፣ በማሕሌት ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው፣ ወረቡ ሲደርስ ጽናጽላቸውን እያንሿሹ ሲያሸበሽቡ አድረው፣ ነግቶ ቅዳሴ አስቀድሰው ነበር የሚመለሱት። ስፖርት ሠርታችሁ ታውቃላችሁን ቢባሉ ግን ሁለቱም አማትበው በእመቤታችን ስም ይምሉ ነበር።

እንግዲህ የቤታችን ሕግ ይህ ነበረ፤ ሰውነት ይደክም ዘንድ ተፈቅዶለታል፣ ግን ፈቃጅ ሊኖረው ይገባል። ለእግዚአብሔር ቢሆን፣ ለእንግዳ ቢሆን፣ ለለቅሶ ቢሆን፣ ሁለት ቀን በእግር መሄድም አይከብድም፤ ለራስ ብሎ መራመድ ግን፣ ያለ ደብዳቤ መሥሪያ ቤት እንደ መግባት ነው።

ከአጥራችን ማዶ ግን ሌላ መንግሥት ነበረ። ጎረቤታችን ከክብር ዘበኛ የወጡ ጡረተኛ ኀምሳ አለቃ ነበሩ፤ ሰፈራችን ያን ጊዜ ከጃን ሜዳ ብዙ አይርቅምና እንዲህ ያሉ ሰዎች አይጠፉበትም ነበር። ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ዶሮ እንኳ ሳይወስን፣ አምስት ልጆቻቸውን በቁመታቸው ልክ በግቢ አሰልፈው «አንድ! ሁለት!» ሲሉ የእኛ ቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። አባቴ ከአልጋቸው ሆነው ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት ሥጋዊ ልምምድን ያሳነሰበትን ቦታ በአጥሩ ላይ ይልኩላቸዋል፤ ኀምሳ አለቃውም ቆጠራቸውን ሳያቋርጡ ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሯጮች የጻፈውን መልሰው ይወረውራሉ። ሃያ ዓመት ያህል በቅዱስ ጳውሎስ ሲደበዳደቡ ኖሩ፤ አንዱ ሌላውን ሳያሸንፍ ሁለቱም በአንድ ደብር ተቀበሩ።

አምስቱም ልጆች ዛሬ ሯጮች ናቸው ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ባማረ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። የመጀመሪያው ልጅ፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ከአልጋው ወርዶ አያውቅም፤ «አንድ ሁለት» የሚል ቃል ሲሰማ፣ ገንዘብ ሲቆጠር እንኳ ቢሆን፣ ፊቱ ይለወጣል። እርሱ ያደገው አባቱ ገና ወታደር ሳሉ ነበርና ያረፈደ እንደ ሆነ አለንጋው ይጠብቀው ነበር። ሦስተኛው ልጅ፣ የእኔ እኩያና ባልንጀራዬ፣ ለአካለ መጠን ሲደርስ ግን አባትዬው ጡረታ ወጥተው፣ ጉልበታቸውም ረግቦ፣ እሑድ እሑድ ጃን ሜዳ ወስደው እሽቅድምድም ይገጥሙትና በመጨረሻዋ ሃያ ርምጃ ላይ የጫማቸው ማሰሪያ ተፈታ ብለው እያጎነበሱ ያስቀድሙት ነበር። ማሰሪያ የሌለው ጫማ እንደ ነበራቸው እኔም እርሱም እናውቅ ነበር። ይህኛው ልጅ ዛሬም፣ በ58 ዓመቱ፣ በየማለዳው ይሮጣል። ስለዚህ አንድ ቤት ነበር ስል ተሳስቻለሁ፤ አምስት ልጆች አምስት አባት ነበራቸው።

ሴቶቹስ? አራተኛዋ ልጅ ከሰልፉ ሁሉ ቀልጣፋዋ ነበረች፤ 13 ዓመት በሞላት በወሩ ግን እናቷ «ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቁምጣ ስትዘልል ሰው ምን ይለናል» ብለው ከመስመሩ አወጧትና በምትኩ ማጀት አስገቧት። በእኛም ቤት እኅቴ 20 ሊትር ጀሪካን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከቦኖው እስከ ጓዳ ስትመላለስ፣ ያን አቀበት በቀን ስንት ጊዜ እንደ ወጣችው የቆጠረላት የለም። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 60 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል፤ ደግሞም በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶው 81ዱ፣ ከሴቶቹ ለብቻ ከመቶው 85ቱ፣ ይህን ልክ እንደማይደርሱበት አስታውቋል። እኅቴን ከየትኛው ወገን ቆጥረዋት ይሆን እያልሁ አስባለሁ፤ ዛሬ ከሁላችን ይልቅ ወገቧ ቀጥ ያለ እርሷ ናትና።

የሴት ልጅን ሩጫ የሚወድ ቤት ምን እንደሚያፈራ ለማየት ወደ በቆጂ መውጣት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በዚያች የአርሲ ከተማ አካባቢ ከአንድ ቤት እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ ወጥተው ሦስቱም የኦሊምፒክ ሜዳልያ አጥልቀዋል፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉም የሥጋ ዘመዳቸው ናት። በእንዲህ ያለ ቤት «ወዴት ነው?» ለምትባል ልጅ «ልሮጥ» ብላ መመለስ እኛ ቤት «ልጸልይ» እንደ ማለት የታወቀ መልስ ሳይሆን አይቀርም።

ይሁን እንጂ የአርሲ ምድር ሁሉንም ሯጭ አያደርግም፤ ማስረጃዬም ከቤቴ ውስጥ ናት። ባለቤቴ የተወለደችው ከአሰላ ወዲያ ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በዚያው አገር፣ ከአሥር ልጆች አንዱ ሆኖ፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤት እየሮጠ በማደጉ ደብተሩን ያቀፈበት ግራ ክንዱ እስከ ኦሊምፒክ መም ድረስ እንደ ታጠፈ መቅረቱን ዓለም ሁሉ ያውቃል። አባቱም ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር ይባላል፤ ይህን በሰማሁ ጊዜ አባቴን በመጠኑ ይቅር አልኋቸው። ባለቤቴ ግን ያንኑ የመሰለ መንገድ በእግሯ ተመላልሳ አድጋ፣ ዛሬ ከቀበና እስከ አራት ኪሎ በታክሲ ካልሆነ ንቅንቅ አትልም። አብረን እንራመድ ብዬ በለመንኋት ጊዜ «የእኔ እግር የታዘዘለትን ኪሎ ሜትር ገና በ15 ዓመቱ ጨርሶ ጡረታ ወጥቷል» አለችኝ። ለእርሷ መራመድ ማለት ድኽነት ማለት ነው፤ መኪና መሳፈር ማለት ደግሞ ልጆቿን አስተምራ ለወግ ማዕረግ ማብቃቷ ነው። ይህንንም የሚያስረዳ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም።

የአባት ሥልጣን ፍጹም ነው ብዬ አልከራከርም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደውም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ይድነቃቸው ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ኳስ ተጫዋች ሆኖ፣ በ1954 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን መርቶ፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። ከመሰንቆ ኳስ ይወለዳል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን ደግሜ ሳስበው ልጁ የወረሰው በሕዝብ ፊት መቆምን ይመስለኛል፤ አባት በቃል፣ ልጅ በእግር።

እኔም የወረስሁትን ፖስታ አልረሳሁትም።

ዳቦው ካሸነፈኝ በኋላ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ፣ መፍትሔው ከአባቴ መሳቢያ ተነሥቶ መጣልኝ። አንድ ትልቅ ቡናማ ፖስታ ገዛሁ፤ ባዶውን አሸግሁት፤ በላዩም እጄ የአባቴን ቁም ጽሕፈት አስመስሎ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ፖስታዬን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤታችን «ወዴት ነው ጋሼ?» ስትለኝ ፖስታውን ብቻ ከፍ አድርጌ አሳየኋት፤ «አይ፣ ጉዳይ አለብዎት!» ብላ መንገዱን ለቀቀችልኝ። ፖስታ የያዘ ሰው በዚህች ከተማ የማይደርስበት የለም። ከቀበና አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ ቀስ በቀስም እስከ ጃን ሜዳ አጥር ድረስ እንደ መልእክተኛ እየገሠገሥሁ መሄድ ጀመርሁ፤ ሦስት ወር ሙሉ ያው ፖስታ አገለገለኝ፤ ማዕዘኖቹ ሲበላሹ በአዲስ ተካሁት። ቦርጬም ጎደለ፤ ሐኪሙ ደስ አለው፤ ምስጢሩን ግን ለእርሱም ለባለቤቴም አልገለጥሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ አደባባይ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የሚያስገመግም ርምጃ ሰማሁና ዞር ብል ያ የኀምሳ አለቃው ሦስተኛ ልጅ ነው፤ የታላቁን ሩጫ ካናቴራ ለብሶ፣ ከራሱ ላይ እንፋሎት እየወጣ። እርሱ ሩጫው በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ 10 ኪሎ ሜትሩን ሲሮጥ፣ እኔ በየዓመቱ ካናቴራውን ገዝቼ ቤት ውስጥ እለብሰዋለሁ። ሰላምታ ስንለዋወጥ እንኳ ቆሞ አልቆመም፤ ባለበት ሆኖ ይረግጣል።

«በጧቱ ወዴት ነው?» አለኝ።

እንደ ልማዴ ፖስታዬን ከፍ አደረግሁ።

«ለጉዳይ ነው? በእግርህ? በዚህ ዕድሜህ?» አለና ከእጄ መንጭቆ ወሰደው። «እኔ እኮ በዚያው ነኝ፤ አደርስልሃለሁ፤ አንተ ተመለስና ዕረፍ።» ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ አፌንም ሳልከፍት፣ ፖስታውን እንደ ዱላ ቅብብል ዱላ ጨብጦ ወደ ጃን ሜዳ አቅጣጫ ተፈተለከ።

ባዶ እጄን ከአደባባዩ ዳር ቀረሁ። ፖስታው ባዶ ነው፤ በላዩም የማንም ስም የለበትም፤ ይህ ሰው ደግሞ አባቱ ያሳደጉት ወታደር ነውና የተቀበለውን መልእክት ሳያደርስ አይተኛም፤ የሚያደርስበት ቢያጣ ይከፍተዋል፤ ከከፈተውም እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ግራ ቀኝ አየሁ። ኮቴን ቆለፍሁ። ከዚያም፣ ከአርባ ዓመት በላይ ሳላደርገው የኖርሁትን፣ መጀመሪያ ፈጠን፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎም ዐይኔ እስኪፈዝ ድረስ ሮጥሁ።

ከመንገዱ ማዶ ሎሚ የምትሸጥ አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ውይ አባባ፣ ምን ሆኑ? ተሰረቁ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«አዎ!» አልኋት፤ አባቴም ከመቃብር ሆነው ራሳቸውን በእሺታ የነቀነቁ መሰለኝ።